ከህዋ የሚላክ ኃይል መቀበያ መሬት እንዴት ይመረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፀሐይ ኃይልን ህዋ ላይ ሰብስቦ ወደ ምድር መላክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሳተላይቱ ነው። ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ግዙፉ ፓኔል፣ ስለ ወጪው ይወራል። ምድር ላይ ኃይሉን የሚቀበለው ጣቢያ ግን የትም ቦታ ዝም ብሎ የሚተከል ይመስል ይታለፋል። እኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው ባይ ነኝ። ሳተላይት የማንንም ማሳ አይነካም። መቀበያው ግን ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ ሰፊ መሬት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ። ከዚህ በታች ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መቀበያ ጣቢያ ሲባል ምን ማለት ነው?

በተለምዶ ሬክቴና ይባላል። በጣም ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች በረድፍ ተደርድረው የሚሠራ ሰፊ ሜዳ ነው። እያንዳንዱ አንቴና ከጎኑ ዳዮድ አለው። አንቴናው ሳተላይቱ ኃይሉን የሚልክበትን የሬዲዮ ሞገድ፣ ማይክሮዌቭን፣ ይይዛል፤ ዳዮዱ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንደ ማንኛውም የሶላር ጣቢያ ነው፦ ኢንቨርተር፣ ትራንስፎርመር፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፒተር ግሌዘር የተባለ መሐንዲስ የፀሐይ ኃይል ሳተላይትን ሐሳብ ያቀረበው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት በ1964 ዊሊያም ብራውን በማይክሮዌቭ ብቻ የሚበር ትንሽ ሄሊኮፕተር አሳይቶ ነበር። በ1975 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎልድስቶን በሚባል በረሃማ ቦታ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ ኃይል በማይክሮዌቭ ተልኮ በሬክቴና ተይዟል። ስለዚህ መቀበያው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። ያልተመለሰው የት ይተከል የሚለው ነው።

ምን ያህል መሬት ይፈልጋል?

ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚወሰደው የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴርና ናሳ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጡት ንድፍ ነው። በዚያ ንድፍ አንድ ሳተላይት 5 ጊጋዋት ኃይል ያቀርባል። መቀበያው 10 ኪሎ ሜትር በ13 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞላላ ሜዳ ነው። ስፋቱ ሲሰላ 102 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ከ10,000 ሄክታር በላይ። የፓሪስ ከተማ አስተዳደር ክልል 105 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ፓሪስን የሚያህል ቦታ ማለት ነው። በዙሪያው የሚተወው የጥበቃ ክልል እዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ይህን ያህል የሰፋው በፊዚክስ ምክንያት ነው። ሞገድ ሩቅ በተጓዘ ቁጥር ይሰፋል። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከዚያ ርቀት 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው አንቴና ሲላክ፣ ምድር ላይ ሲደርስ ከ10 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ክብ ላይ ይበተናል።

ከዚህ አንድ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር ይከተላል። የሚላከውን ኃይል በግማሽ ብንቀንስ የመሬቱ ፍላጎት በግማሽ አይቀንስም። ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት የሚወስኑት የሞገዱ ርዝመት፣ ርቀቱና የላኪው አንቴና ስፋት ናቸው። «በትንሹ እንጀምርና እያሰፋን እንሂድ» የሚለው ሐሳብ በሶላር ፓኔል ይሠራል፤ እዚህ ግን አይሠራም። መሬቱን የምትለካው ሳተላይቱ ተነድፎ ካለቀ በኋላ ነው፣ ወይም ሁለቱ አብረው ይነደፋሉ።

ሌላ ፍሪኩዌንሲ ብንጠቀም መሬቱ አያንስም?

ያንሳል። በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ ያው 1 ኪሎ ሜትር አንቴና ቢሆን ክቡ ከዳር እስከ ዳር ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስፋቱ ሲሰላ ከአምስት እጥፍ በላይ ያነሰ መሬት ነው። ግን ያው 5 ጊጋዋት በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ቢወርድ ጨረሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ያ ደግሞ የደህንነት ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ የሚላከውን ኃይል መቀነስ ግድ ይሆናል። መሬት ባነሰ ቁጥር ኃይልም ያንሳል፣ ወይም አደጋው ይጨምራል።

በዚሁ መሬት ላይ ለምን ተራ ሶላር ፓኔል አይተከልም?

ይህ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማንኛውም ፕሮጀክት መጀመሪያ ሊመልሰው ይገባል። 5 ጊጋዋት በ102 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአንድ ካሬ ሜትር 49 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ቀንም ሌሊትም። ትላልቅ የሶላር ጣቢያዎች ሌሊቱና ደመናው ሲታሰብ በአማካይ በካሬ ሜትር 10 ዋት አካባቢ ይሰጣሉ። በዚህ ስሌት ሬክቴናው በብዙ ይበልጣል።

ግን ሶላር ፓኔል ተከፋፍሎ ይተከላል። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በመንገድ ዳር ይሄዳል፣ ማንም የማይፈልገው ጠጠራማ ቦታ ላይ ያርፋል። ሬክቴና ይህ ዕድል የለውም። መሬቱ ያልተቆራረጠ አንድ ወጥ ቦታ መሆን አለበት። መሐል ላይ መንደር፣ ወንዝ ወይም አውራ ጎዳና ካለ ዙሮ ማለፍ አይቻልም። 10,000 ሄክታር በቁርጥራጭ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ 10,000 ሄክታር በአንድ ላይ ማግኘት ሌላ። በእኔ እይታ የሬክቴና ትልቁ ችግር ይህ አንድ ወጥነት ነው።

ሜዳው ለምን ሞላላ ይሆናል? ኬክሮስ ለውጥ ያመጣል?

ባትሪ ወደ ግድግዳ ቀጥ አድርገህ ብታበራ ብርሃኑ ክብ ይሆናል። አዘንብለህ ብታበራ ይረዝማል። የሳተላይቱም ጨረር እንደዚያው ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ስለሆነ፣ ወገቡ ላይ ላለ ቦታ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሜዳውም ክብ ይሆናል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በራቅን ቁጥር ጨረሩ እየተንጋደደ ይመጣል፣ ሜዳውም ይረዝማል።

ቁጥሩ ነገሩን በደንብ ያሳያል። በ35 ዲግሪ ኬክሮስ 10 በ13 ኪሎ ሜትር የነበረው ሜዳ በ50 ዲግሪ ላይ 10 በ18.5 ገደማ ይሆናል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 10 በ27 ይጠጋል። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ለምድር ወገብ የቀረቡ አገሮች በዚህ በኩል ተፈጥሮ አድልታላቸዋለች።

ወደ ምድር ወገብ ያዘነበለ ተዳፋትም ይጠቅማል። በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ወደ ደቡብ ያጋደለ መሬት ጨረሩን ቀጥ ብሎ ስለሚቀበል ርዝመቱን ይቀንሰዋል። ወደ ተቃራኒው ያጋደለ ከሆነ ደግሞ መሬቱ ይባክናል።

መሬቱ የግድ ሜዳ መሆን አለበት?

የግድ አይደለም። አንቴናዎቹ በረድፍ ተለያይተው ስለሚቆሙ እያንዳንዱ ረድፍ መሬቱን ተከትሎ መቀመጥ ይችላል። ዋናው ነገር አንዱ ረድፍ ሌላውን አለመጋረዱ ነው። ሸለቆና ገደል የበዛበት ቦታ ግን አያዋጣም። አፈር መቁረጥና መሙላት በ10,000 ሄክታር ሲባዛ ወጪው ያብዳል፣ መሬቱም ይቆስላል። አንድ ጊዜ የተገፈፈ አፈር በዝናብ ታጥቦ የታች ተፋሰስ ያሉ ገበሬዎች ማሳ ላይ ይከመራል። ይህን ወጪ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ብዙ አላየሁም።

ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ ይቅር። አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከሆነ ምሰሶዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ኃይለኛ ንፋስ፣ ትልልቅ በረዶ፣ መብረቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀበቶ፦ እነዚህ ሁሉ መዋቅሩን ውድ ያደርጉታል እንጂ ቦታውን ወዲያው አይጥሉትም።

በረሃ ከሁሉም አይሻልም?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ምክንያቱም በረሃ ለሶላር ፓኔል ጥሩ ነው። ለሬክቴና ግን ጥራት ያለው ሰማይ አያስፈልግም። የ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደመናና ዝናብ ብዙም ሳይነኩት ያልፋል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ኃይለኛ ዝናብ ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ግን ብዙ አይደለም። ደመና ዓመቱን ሙሉ የማይለየው አገር ለሶላር ፓኔል አይመችም፤ ለሬክቴና ግን ከበረሃ እኩል ነው። እንዲያውም የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጥቅም እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ በረሃ የሚመረጠው ሰው ይጎድልበታል ተብሎ ብቻ ነው። በምትኩ ከተማ፣ መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ይርቃል፣ አቧራና አሸዋ መሣሪያውን ይጎዳል። በረሃም ቢሆን ነፍስ አልባ አይደለም። ካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ የተሠራው የአይቫንፓህ ሶላር ጣቢያ ግንባታው በ2011 በከፊል እንዲቆም የተደረገው በበረሃ ኤሊዎች ምክንያት ነው።

ኃይሉ የሚላከው በማይክሮዌቭ ሳይሆን በሌዘር ከሆነ ግን ሁሉም ይገለበጣል። ሌዘር በደመና አያልፍም፣ መቀበያውም በጣም ያንሳል። ያኔ ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ የግድ ነው።

ጨረሩ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል? የጥበቃ ክልሉ ምን ያህል ይሁን?

በመነሻ ንድፉ መሠረት በሜዳው መሐል ጨረሩ በካሬ ሜትር 230 ዋት ነው። የቀትር ፀሐይ 1,000 ዋት ገደማ ስለሆነች ከሩቧ በታች ነው። የሬክቴናው ጠርዝ ላይ ወደ 10 ዋት ይወርዳል። ከጥበቃ ክልሉ ውጭ 1 ዋት ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ለተራው ሕዝብ የፈቀደው ጣሪያ በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች በካሬ ሜትር 10 ዋት ነው። ስለዚህ ከጠርዙ ውጭ የቆመ ሰው ከጣሪያው በታች ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ደግሞ የአሥረኛውን ያህል ብቻ ይደርሰዋል። መሐል ላይ ግን ከተፈቀደው 23 እጥፍ ነው። ማንም ሳይከለል እዚያ መዋል የለበትም።

ጨረሩ ከመስመሩ ቢወጣስ? ንድፉ ላይ መሐል ሜዳ ላይ የተተከለ ማስተላለፊያ ወደ ሳተላይቱ የመሪ ምልክት ይልካል። ሳተላይቱ ጨረሩን አጥብቦ መላክ የሚችለው ያን ምልክት እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ጨረሩ ይበተንና ይሳሳል። ጥሩ መፍትሔ ነው። ቢሆንም ጎረቤት ለሚኖር ሰው «ምንም የለውም፣ አታስብ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በሜዳው ዙሪያ መለኪያ ይተከል፣ ንባቡም ለአካባቢው ሰው በሚገባው ቋንቋ በየዕለቱ ይታይ። በወረቀት ላይ ከሚጻፍ ማረጋገጫ ይልቅ ሰው በዓይኑ የሚያየውን ቁጥር ያምናል።

ከሥሩ ማረስ ወይም ከብት ማሰማራት ይቻላል?

በቴክኒክ ደረጃ ይቻላል ይባላል፣ ምክንያትም አለው። መዋቅሩ እንደ ወንፊት ስለሚሠራ አብዛኛው የፀሐይ ብርሃን ያልፋል፤ ዝናቡም ያልፋል። ማይክሮዌቩን ግን ወንፊቱ ስለሚይዘው ከሥር የሚደርሰው በጣም ትንሽ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ተስፋ መሬት ለመውሰድ ማባበያ ሲሆን ነው። «መሬታችሁን አንወስድም፣ ከሥሩ ታርሳላችሁ» ማለት ቀላል ነው። መሬቱ ከታጠረ በኋላ ማን ይገባል? በስንት ሰዓት? ትራክተር ምሰሶ ቢገጭ ማን ይከፍላል? ከብቱ ገመድ ቢበጥስስ? የእርሻው መብት በውል ካልሰፈረና ውሉ ከጣቢያው ዕድሜ እኩል ካልሆነ፣ ተስፋው ጣቢያው ሥራ በጀመረ ማግሥት ይረሳል። ስለዚህ እርሻው ቦታ ሲመረጥ ይታሰብ፤ የምሰሶው ከፍታና የረድፉ ርቀት ከገበሬው ጋር ተመክሮ ይወሰን። በኋላ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

«ባዶ መሬት» ፈልገን ብናገኝ ችግሩ አይቀልም?

ባዶ የሚባል መሬት በጥንቃቄ ይታይ። በሳተላይት ፎቶ ላይ ቤትና ማሳ የማይታይበት ቦታ ባዶ ይመስላል። ፎቶው የተነሳው በበጋ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ባዶ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ ግን መንጋው ይመጣል። ያ መሬት የአርብቶ አደሩ የክረምት ግጦሽ ነው፣ ወይም የድርቅ ዓመት መጠባበቂያው ነው። በአምስት ዓመት አንዴ ብቻ የሚረገጥ ቦታ የሰዎች የመጨረሻ ተስፋ ሊሆን ይችላል።

ይህ ከዚህ በፊት በሌሎች የኃይል ፕሮጀክቶች ታይቷል። ሰሜን ኬንያ ውስጥ ለቱርካና ሐይቅ የንፋስ ኃይል ጣቢያ 150,000 ኤከር መሬት ተሰጥቶ ነበር። በ2021 ፍርድ ቤት የመሬቱ የባለቤትነት ሰነዶች የወጡት ሕጉን ሳይከተሉ ነው ብሎ ወሰነ። ጣቢያው በዚያን ጊዜ ተገንብቶ ኃይል እየሰጠ ነበር። በዚያው ዓመት የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፎሰን የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች ፈቃድ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑትን የሳሚ አጋዘን አርቢዎች መብት ይጥሳል ሲል ፈረደ። እዚያም ተርባይኖቹ ቆመው እየዞሩ ነበር። ሁለቱም ንጹሕ ኃይል ነው። ንጹሕ መሆኑ መሬቱን በአግባቡ ካለመያዝ አላዳነውም።

አንድ ሬክቴና ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ሊዛወር አይችልም። የንፋስ ተርባይን አንዱን ነቅለህ ሌላውን ትተዋለህ። ሬክቴና ግን መሐሉ ቢቀደድ ጨረሩ ያን ቦታ ዘሎ አይሄድም።

ስለዚህ የሰው ጥናት ከመሐንዲሱ ጥናት ይቅደም ባይ ነኝ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆይ፣ በየወቅቱ ማን እንደሚመጣ ይታይ። ሽማግሌዎች ብቻ አይጠየቁ። ውሃ የሚቀዱና እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች መንገዱን ከማንም በላይ ያውቃሉ። መቃብር የት ነው? የጸሎት ቦታስ? ምንጩ? መንጋ የሚያልፍበት መስመር? የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ደንብ የመሬት ደብተር የሌላቸው ሰዎችም መተዳደሪያቸውን ሲያጡ እንዲካሱ ይጠይቃል። እንደ ሳሚ ያሉ ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ሲሆን ደግሞ ነጻና አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃዳቸው መገኘት አለበት። አበዳሪ ባይጠይቅም እንኳ ይህ ዝቅተኛው መለኪያ ሊሆን ይገባል።

ከኤሌክትሪክ መስመር ምን ያህል መቅረብ አለበት?

በተቻለ መጠን ቅርብ። 5 ጊጋዋት በአንድ መስመር አይወጣም፤ በርካታ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ መስመር የራሱን መሬት ይፈልጋል። ሰው ስለ ሬክቴናው 10,000 ሄክታር ሲከራከር ስለ መስመሩ ኮሪደር ይረሳል። የቱርካና ጣቢያ እዚህም ትምህርት ነው። 365 ተርባይኖቹ በ2017 ተተክለው አለቁ። የማስተላለፊያ መስመሩ ግን ስለዘገየ ከኬንያ የኃይል ቋት ጋር የተገናኙት በሴፕቴምበር 2018 ነው። እስከዚያ ዝም ብለው ቆሙ።

ሌላው የኃይል ቋቱ አቅም ነው። የአገሩ አጠቃላይ ፍጆታ 5 ጊጋዋት የማይሞላ ከሆነ ወይም ትንሽ ብቻ ከበለጠ፣ አንድ ጣቢያ ድንገት ሲቆም አገር ይጨልማል። ደግሞ የሚቆምበት ጊዜ ይኖራል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ሁለት ወቅቶች ሳተላይቱ እኩለ ሌሊት አካባቢ በምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። ወቅቱ መሐል ላይ በቀን እስከ 70 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ይህ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መዘጋጀት ይቻላል፣ ግን የሚተካ ኃይል ቅርብ መኖር አለበት። ግድብ ያለበት አካባቢ ለዚህ ይመቻል፤ ውሃውን ይዞ ቆይቶ በዚያች ሰዓት ይለቀዋል።

ባሕር ላይ ቢተከልስ?

ሕዝብ ለበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች ከባድ ግምት የሚሰጠው አማራጭ ነው። ጃፓን ውስጥ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ መቀበያ ሲታሰብ ቆይቷል። ሰው አይፈናቀልም፣ ትልልቅ ከተሞችም ቅርብ ናቸው። ግን ጨው ብረት ይበላል፣ ማዕበል መዋቅሩን ያናውጣል፣ ጥገናውም ከየብሱ ይከብዳል። ባሕሩም ባለቤት አለው፦ ዓሣ አጥማጁ። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የዓሣ ቦታ መዝጋት መንደር ከማንሳት አይተናነስም።

የሬዲዮና የስልክ ሞገድ ይረብሻል?

2.45 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠሩበት ክልል ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ መሣሪያዎች ይነካሉ፤ መጠኑ በርቀትና በማጣሪያው ጥራት ይወሰናል። በተጨማሪም ዳዮዶቹ ራሳቸው የዋናውን ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች መልሰው ይረጫሉ፣ ለምሳሌ 4.9 ጊጋኸርዝ።

ከሁሉም የሚጎዳው የሬዲዮ አስትሮኖሚ ነው። ቴሌስኮፖቹ የሚሰሙት ምልክት እጅግ ደካማ ነው። በአሜሪካ ግሪን ባንክን የሚያካትተው ብሔራዊ የሬዲዮ ጸጥታ ክልል ከ1958 ጀምሮ አለ፣ ስፋቱም 34,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ባወጣችው ሕግ የሬዲዮ ቴሌስኮፖቿ የሚገኙበትን የካሩን አካባቢ ትጠብቃለች። እንዲህ ያሉ ቦታዎች አጠገብ ቦታ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። አየር ማረፊያና የራዳር ጣቢያም ከመጀመሪያው ከካርታው ይውጡ።

አውሮፕላኖችና ወፎችስ?

የአውሮፕላን ብረት ጨረሩን ይመልሰዋል፣ ሆኖም ከሜዳው በላይ ያለው ሰማይ ለበረራ መከልከሉ አይቀርም። ስለዚህ ዋና የበረራ መስመር ሥር ያለ ቦታ አይመረጥም። ወፎች ላይ ዋናው ሥጋት መሞቅ ነው። በተለይ ስደተኛ ወፎች በብዛት የሚያልፉባቸው መስመሮችና የሚያርፉባቸው ረግረጎች ይቅሩ። ሌላ ቦታ ሲሆንም ግንባታው ሳይጀመር የአካባቢው ወፍ፣ ንብና አውሬ ይቆጠር። በኋላ ለውጥ መጣ ወይስ አልመጣም ለማለት መነሻው ቁጥር ያስፈልጋል።

ጥናቱ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

የተለመደው መንገድ መሰረዝ ነው። በአሜሪካው ጥናት የአገሪቱ ካርታ በአራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ የማይሆኑት አንድ በአንድ ተሰርዘዋል፦ ከተማ፣ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሐይቅ፣ ገደላማ ቦታ፣ ወታደራዊ ክልል። የተረፈው ደግሞ በመስመር ቅርበት፣ በአፈር፣ በመንገድ ተመዝኗል። ዛሬ ይህን በኮምፒውተር ካርታ በአጭር ጊዜ መሥራት ይቻላል።

ችግሩ ካርታው ላይ ያለው ብቻ ነው የሚሰረዘው። የግጦሽ መብት፣ የባህል ቦታ፣ የጋራ ደን ብዙ አገር ውስጥ በዲጂታል ካርታ ላይ የለም። እና ካርታው «ተስማሚ» ያለውን ቦታ ባለሥልጣኑ አንዴ ካየው በኋላ ሐሳብ ማስለወጥ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ይዞ ወደ ሕዝብ መሄድ አይገባም። ሦስት አራት ቦታ ይያዝ። ሰው «አይሆንም» ቢል እውነትም የሚቀርበት መንገድ ካለ ብቻ ነው ምክክሩ ምክክር የሚሆነው።

አሁኑኑ መሬት መያዝ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ ይህን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። እስካሁን በዓለም ላይ ከህዋ ኃይል እየተቀበለ ለሕዝብ የሚሸጥ አንድም ጣቢያ የለም። ያለው ሙከራ ነው። በ2015 ጃፓን ውስጥ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ 10 ኪሎዋት በ500 ሜትር ርቀት ልኳል። በ2023 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም (ካልቴክ) ያመጠቀው የሙከራ መሣሪያ ከህዋ የላከው ጨረር ምድር ላይ ተመዝግቧል፣ ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነበር። የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ ሶላሪስ በተባለ ፕሮግራም ሲያጠናው ነበር። ናሳም በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ጥናት ወጪው በብዙ ካልወረደ ከሌሎች ንጹሕ የኃይል ምንጮች እንደሚወደድ አመልክቷል።

ስለዚህ ዛሬ የሚያዋጣው ጥናት ነው፦ ካርታ፣ የአፈር መረጃ፣ የመሬት አጠቃቀም ምዝገባ። ይህ ሬክቴና ባይመጣም ለሶላሩም ለንፋሱም ይጠቅማል። ለማይታወቅ ጊዜ ለሚመጣ ጣቢያ ተብሎ መሬት ታጥሮ ገበሬው ቤት እንዳይሠራ፣ ዛፍ እንዳይተክል ማድረግ ግን ጉዳት ነው። «ለወደፊት የኃይል ፕሮጀክት» በሚል መሬት አስይዞ የሚሸጥ ደላላ ከመጣም ሰነዱን መጠየቅ ይገባል። ፕሮጀክቱ የት ጸደቀ? ሳተላይቱን ማን ነው የሚያመጥቀው? መልስ ከሌለ ነገሩ የመሬት ንግድ ነው።

የጣቢያው ዕድሜ ሲያልቅ መሬቱ ምን ይሆናል?

በመነሻ ንድፉ የሥርዓቱ ዕድሜ 30 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ይታደሳል ወይ ይነሳል። ለማንሳት ቀላል የሚሆነው ምሰሶዎቹ ወደ መሬት ተመትተው የገቡ ከሆነ ነው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በ10,000 ሄክታር ላይ ያን ሁሉ ቆፍሮ ማውጣት ማንም አይደፍርም። አሉሚኒየሙና ብረቱ ዋጋ ስላለው ይሸጣል። የማንሻው ገንዘብ ግን ከዚያ ሽያጭ ይገኛል ብሎ መተው አይገባም። ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ኩባንያው ቢከስርም የማይነካ ይሁን። መሬቱ ለማን እንደሚመለስም በመጀመሪያው ውል ላይ በስም ይጻፍ። ለመንግሥት? ለቀድሞው ባለይዞታ? ለልጆቹ? 30 ዓመት ረጅም ነው፣ ያኔ የተፈራረመው ሰው በሕይወት ላይኖር ይችላል።